በከርሰ ምድር የተፈተነው አማች

ፈታኙ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሰፈሩ ውስጥ ሳይፈተን የቀረ ሰው የለም። ዕድሜውን ሙሉ መንጃ ፈቃድ ሲፈትን ነው የኖረው። ከሾፌሩ ጎን ይቀመጥና እስክሪብቶውን ቀጭ ቀጭ እያደረገ ስንቱን ጎልማሳ ላብ በላብ አድርጎታል። ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ መኪናውን ተረከበው፤ እስክሪብቶው ግን እጁ ላይ ቀረ። አትክልት ሻጩ ቲማቲም ሲመዝን ቀጭ። ጎረቤት የደረጃውን ብረት ሳይዝ ከወረደ ቀጭ። ሚስቱ ሻይ ስትቀዳ በጎን አየት ያደርጋትና፣ ምንም ሳይናገር፣ ቀጭ።

ሴት ልጁ መነጽር ቤት ነው የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ ሰው ዓይን ላይ መስታወት እየቀያየረች «ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄኛው?» ስትል ውላ ማታ ቤት ስትገባ ያ የእስክሪብቶ ድምፅ ይቀበላታል። በመጨረሻ መላ ያለችውን አደረገች፤ ለአባቷ ታብሌት ገዝታ «ከርሰ ምድር» የሚባል ጨዋታ ጫነችለት።

ከርሰ ምድር የገበታ ጨዋታ ነው፤ ገበታው ግን ስክሪኑ ራሱ ነው። ጠረጴዛ መሀል ይጋደምና አራት ሰው ይከበዋል። ዳይሱም ነካ ሲያደርጉት ራሱ ይንከባለላል። የሚገባበት ቦታ ከምድር በታች ያለ የጥንት እስር ቤት ነው። ታዲያ ክፍሎቹ ባሉበት አይረጉም። አሁን በቀኝ ያየኸው ኮሪደር ዞር ስትል በግራ ነው፤ ደረጃ የነበረው ግድግዳ ሆኖ ይጠብቅሃል። በየበሩ ደግሞ ወጥመድ አለ፤ ከወለሉ ጦር ብቅ ይላል፣ ከጣሪያው ድንጋይ ይወርዳል፣ ምንጣፍ መስሎ የተነጠፈው ጉድጓድ ሆኖ ይገኛል። ከሥር ካለው አዳራሽ ዘውዱን አንስቶ የወጣ አሸናፊ ነው።

ፈታኙ መጀመሪያ ናቀው። «መንገዱ ምልክት የለውም» አለ። በሳምንቱ ግን ምግብ ቀርቧል ሲሉት የማይሰማ ሰው ሆነ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሴት ልጁን ፈልጎ ቤት የሚመጣ ወንድ ሁሉ መጀመሪያ ከርሰ ምድር ወርዶ ይታይልኝ አለ። ወሬ ሁሉም ያወራል፤ እሱ የሚፈልገው ሰውየው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ሲቆም ፊቱ ምን እንደሚመስል ማየት ነው።

የመጀመሪያው ተፈታኝ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። ብልህ መስሎት እያወቀ ተሸነፈ። ፈታኙ ሸኝቶት ሲመለስ «ይሄ ለኔ እንዲህ ከተንበረከከ ለአለቃው ምን ሊሆን ነው?» አለ። ሁለተኛው መድኃኒት ቤት ያለው ሰው ነበር፤ እሱ ደግሞ አሸነፈና ሳቀ። እንዲያውም የፈታኙን ትከሻ መታ መታ አደረገ። የዚያን ሰው ስም ከዚያ ቀን ወዲህ ቤት ውስጥ ያነሳ የለም።

ሦስተኛው ሊፍት ጠጋኙ ነው።

ከልጅቷ ጋር የተዋወቁት በሥራ ነው። መነጽር ቤቱ ያለበት ሕንፃ ሊፍት ሁለት ፎቅ መሀል ቀጥ ብሎ ይዟት ነበር። በበሩ ስንጥቅ «አይዞሽ እህቴ፣ መጣሁ» ሲላት «ቀስ ብለህ ና፤ ወንበር የለም እንጂ እዚህስ ፀጥታ አለ» ብላ መለሰችለት። እሱም ያን ዕለት አንዱን ብሎን ሁለት ጊዜ ፈታው።

ደግ ሰው ነው፤ ጨዋነቱ ግን መጠን የለውም። በር ከፍቶ ሰው ማሳለፍ ሥራው ስለሆነ ነው መሰል፣ ማንንም ቀድሞ በር ገብቶ አያውቅም። ባንክ ቤት በር ላይ ቆሞ ሰው ሲያሳልፍ ሰዓቱ አልቆበት የተመለሰበት ቀን አለ።

ይህ ጠባዩ ከርሰ ምድር ውስጥ ጉድ አፈላበት። መጀመሪያ በመጣበት ቅዳሜ እሱ የያዘው ባለ ፋኖስ ምስልና ፈታኙ የያዘው ባለ ጋሻ ምስል አንድ በር ላይ ተገናኙ። ሊፍት ጠጋኙ እንደ ልማዱ «ጋሼ፣ ይቅደሙ» አለ። ፈታኙ ቀደመ። ከወለሉ ጦር ወጣና ባለ ጋሻውን እንደ ሥጋ ሰካው። ፈታኙ እስክሪብቶውን እንኳን ቀጭ ማድረግ አቅቶት አየውና «አስቀድሞ ላከኝ» አለ ለሚስቱ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሊፍት ጠጋኙ ያንን ጥፋት ለማረም ብሎ፣ አደጋ ካለ እኔን ይብላኝ ብሎ፣ ቀደመ። በሩን ሲከፍት ጦርም ጉድጓድም የለም፤ አንድ ሣጥን ሙሉ ወርቅ ነው የጠበቀው። ፈታኙ ወደ ሚስቱ ዞሮ «ቀደመኝ» አለ።

ዛሬ ሦስተኛው ቅዳሜ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። መነጽር ቤቱ ሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ሊከፍት ነው። ልጅቷን ሄደሽ አስተዳድሪ ብለዋታል፤ ሰኞ መልስ ትሰጣለች። ይህን ለሊፍት ጠጋኙ ስትነግረው «አንተ ምን ትላለህ?» ብላዋለች። እሱም ጥቂት አሰብ አደረገና «አባትሽ ምን ይላሉ?» አላት። እሷ ዝም አለች። ዝምታዋን እሱ መስማማት አደረገው። ዛሬ ከአባቷ እሺታ ካላገኘ ሰኞ እሺ ብላ እንደምትሄድበት ግን ገብቶታል፤ ሌሊቱን እንቅልፍ ባይኑ አልዞረም።

ብርቱካን የያዘ ፌስታል አንጠልጥሎ በሩን ሲያንኳኳ እናትየዋ ከፈተችለት። አንገቷን ወደ ሳሎኑ መለስ አድርጋ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ዛሬ ተጠንቀቅ» አለችው። «እንዳትሸነፍ።»

«እሺ እትዬ።»

«እንዳታሸንፍም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እኔ ምን አውቄ? ካገባሁት ጀምሮ እኔም ይህንኑ ስጠይቅ ነው የኖርኩ። ግባ፤ ጫማህን እዚያ አድርግ።»

ሳሎኑ እንደ ወትሮው ነው፤ ላስቲኩ ያልተገፈፈለት ሶፋ፣ የመስታወት ጠረጴዛ፣ ከግድግዳው ሶኬት እስከ ጠረጴዛው የተዘረጋ የቻርጀር ገመድ። ፈታኙ ገመዱ ሰው እንዳይጥል ከጎኑ ቀይ ጨርቅ አስሮበታል። ልጅቷ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ብስኩት ትበላለች። ሊፍት ጠጋኙን አየችውና ቦታ ለቀቅ አደረገችለት፤ እሱ ግን ከአባቷ ፊት ከጎኗ መቀመጡ ድፍረት መሰለውና ባለ ሦስት እግር ዱካ ላይ ተቀመጠ።

«መጣህ?» አለ ፈታኙ።

«መጣሁ ጋሼ።»

«ቅድም ደረጃ ላይ ሰማሁህ። ሁለት ሁለት ነው የምትረግጥ።»

ሊፍት ጠጋኙ ይቅርታ ጠየቀ።

ጨዋታው ተጀመረ። ፈታኙ ባለ ጋሻውን፣ ሊፍት ጠጋኙ ባለ ፋኖሱን፣ ልጅቷ አስማተኛዋን ያዙ። እናትየዋ ሁልጊዜ የምትመርጠው ሌባዋን ነው፤ ለምን ቢሏት «ቦርሳዋ ሰፊ ነው» ትላለች። ሌላ ነገር አታውቅም። ተራዋ ሲደርስ ዳይሱን ነካ ታደርግና ወደ ሻይዋ ትመለሳለች።

ባለ ጋሻውና ባለ ፋኖሱ በተለያየ ኮሪደር ነበር የገቡት። ሊፍት ጠጋኙ የፈለገውም ከፈታኙ ርቆ፣ ሳያሸንፍ ሳይሸነፍ፣ መሸት ሲል ከርሰ ምድሩን በሰላም መውጣት ነው። ግን ክፍሎቹ መቼ ባሉበት ይረጋሉ? ግድግዳው ዞረ፣ ኮሪደሩ ታጠፈ፣ ዳይሱ ተንከባለለ፤ ሁለቱ ጠባብ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ከፊታቸው አንድ በር። ስክሪኑ ላይ የሁለቱ ምስል ብልጭ ድርግም እያለ ማን ይቀድማል ብሎ ይጠይቃል። ከጎኑ ትንሽ ሻማ ይቀልጣል። ሻማው ሳያልቅ መወሰን ነው፤ እስኪወስኑ ድረስ ሌሎቹ ተራቸውን ይጫወታሉ።

ሊፍት ጠጋኙ ጣቱ ስክሪኑ አጠገብ ደርሶ ቆመ። ቢቀድም ወርቅ ይኖራል። ቢያስቀድም ጦር ይኖራል።

«ጋሼ፣ ይቅደሙ» አለ ከአፉ አምልጦት።

«የለም፤ አንተ ቅደም» አለ ፈታኙ። የመጀመሪያውን ቅዳሜ አልረሳም። «እንግዳ ነህ።»

«ኧረ በጭራሽ፤ እርስዎ እያሉ።»

«ባለፈው እኔ እያለሁ አይደል እንዴ የቀደምከው?»

«ለዚያ ነው ጋሼ ዛሬ የማልቀድመው።»

«ካከበርከኝ ታዘዘኝ። ቅደም።»

«መታዘዙን እታዘዛለሁ። መቅደሙን ግን እንዴት ብዬ?»

«ከበሩ ወዲያ ምን አለ ብለህ ነው እኔን የምትገፋ?»

«ምን እንዳለ ባውቅማ እኔው ገብቼ እሞትልዎት ነበር።»

«ሙትልኝ አልወጣኝም። ሰው በራሱ ፈቃድ ነው የሚገባ።»

«እንግዲያው በፈቃድዎ ይግቡ።»

እናትየዋ በዚህ መሀል ዳይሱን ነካ አደረገች። ልጅቷም ተጫወተች። እናትየዋ ደገመች። አስማተኛዋ ደረጃ ወረደች፣ ድልድይ ተሻገረች። ሌባዋ ከተኛ ዘንዶ አጠገብ አለፈች። ወንዶቹ ይህን አላዩም። ሊፍት ጠጋኙ ከዱካው ብድግ ብሎ ጎንበስ እያለ ይለምናል፤ ፈታኙም ክብሩ ስለተነካ እሱም ከሶፋው ተነስቷል። የታብሌት በር ላይ ሁለት ሰዎች ካልገባህ ካልገቡ እየተባባሉ ቆመው ቀሩ።

ሻማው አለቀ። ክፍሉ ጓ ብሎ ዞረ። በሩ የነበረበት ቦታ ድንጋይ ሆነ። በቀኝ ድንጋይ፣ በግራ ድንጋይ። ሁለቱ ምስሎች መሀል ላይ ተጠጋግተው ቆመዋል፤ የባለ ፋኖሱ መብራት ብቻ ትርገበገባለች።

ፈታኙ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ጥፋቱ ያንተ ነው።»

«ልክ ነው ጋሼ።»

«ሁሉን ልክ ነው አትበለኝ።»

«እሺ ጋሼ።»

ሊፍት ጠጋኙ ሥራው ላይ ስንት የታሰረ ሰው አውጥቷል። ራሱ ሲታሰር ግን ይኸው የመጀመሪያው ነው፤ እሱም ሊያመልጠው ከማይችለው ሰው ጋር። በልቡ ሰኞን አሰበ። አውቶቡስ መናኸሪያ፣ ሻንጣ፣ መስኮት።

«አሁን ምን ይሆናል?» አለ።

ፈታኙ ደንቡን በቃሉ ነው የሚያውቀው፤ ችግር ላይ ሆኖም ማስረዳት ይወዳል። «ከውስጥ መክፈት የለም» አለ። «ዘውዱን ያነሳ ሰው ነው ከውጭ የሚከፍት፤ ከሱ ሌላ ሲከፍት አይቼ አላውቅም። እሱም አንድ እስረኛ ብቻ ነው የሚያወጣ። ሁሉም ወጥቶ ሲያልቅ የቀረው አጽም ይሆንና ስሙ መግቢያው ግድግዳ ላይ ይጻፋል። እስከ ዛሬ የኔ ስም እዚያ ግድግዳ ላይ የለም።» ይህን ሲል ድምፁ ትንሽ ሰለለ። «ዘውዱ ግን ገና ነው። ማንም አልደረሰበትም።»

«እኔ ደርሻለሁ» አለች ልጅቷ።

ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩ። አስማተኛዋ ዘውዱን ጭና በሩ አጠገብ ቆማለች።

«መቼ?» አለ አባትየው።

«እናንተ ስትከባበሩ።» የብስኩቱን ፍርፋሪ ከቀሚሷ ላይ አራገፈች። «ማንን ላውጣ ይለኛል።»

«ይሄ ምን ጥያቄ ነው?» አለ ፈታኙ። «አባት አለሽ።»

ሊፍት ጠጋኙ ደግሞ ተሽቀዳድሞ «አዎ፣ ጋሼን አውጪ» አለ። እናትየዋ ስኒዋን አስቀመጠችና ግንባሯን ያዘች።

ልጅቷ ጣቷን ከስክሪኑ አነሳች። «መጀመሪያ የምጠይቀው ይመለስልኝ። አባዬ፣ ይሄ ሦስተኛው ሰው ነው። ሦስት ቅዳሜ መጣ። እሺ ነህ ወይስ እምቢ?»

«ጨዋታና ቁምነገር አይቀላቀልም።»

«ማነው የቀላቀለው?»

እናትየዋ ሳቀች። ፈታኙ አየት አደረጋት፤ እስክሪብቶውን ፈለገ፤ እስክሪብቶው ሶፋው ላይ ላስቲኩ ሥር ገብቷል። ስክሪኑ ላይ አዲስ ሻማ መቅለጥ ጀምሯል።

«ማስገደድ ነው ይሄ» አለ።

«ነው» አለች ልጅቷ።

«ሰውየው መጥፎ አይደለም። በር ላይ ይቆማል እንጂ።»

«እሺ ነው ወይስ እምቢ?»

ፈታኙ ሻማውን አየ። ግድግዳው ላይ የሚጻፈው ስሙ ታየው። «እሺ» አለ። «ተገድጄ መሆኑ ይታወቅልኝ።»

ሊፍት ጠጋኙ ጆሮውን አላመነም። ሦስት ቅዳሜ የለመነው፣ እንቅልፍ ያጣበት ነገር፣ ይኸው ከፈታኙ አፍ ወጣ። ተነስቶ የፈታኙን ጉልበት ሊስም ሲል ልጅቷ «ቆይ፣ ተቀመጥ» አለችው። «አንተስ?»

«እኔ ምን?»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔማ ፈቃድ ስጠብቅ ነው የኖርኩት።»

«የማንን?»

«የአባትሽን።»

«የኔንስ?»

ሊፍት ጠጋኙ ቅዳሜዎቹን በልቡ ቆጠረ። እውነትም፣ ይህን ሁሉ ቅዳሜ ሲያስብ የከረመው አባትየው ምን ይሉ ይሆን ብሎ ነው። እሷን የጠየቀበትን ቀን ቢያስታውስ ቢያስታውስ አጣው። ታገቢኛለሽ ወይ ያለበት ቀን የለም። እሷ ሳትጠየቅ ሁለቱ ወንዶች ሲደራደሩባት ከርመዋል፤ እሷ ብስኩት ስትበላ።

«ስለ ሥራው ነገርኩህ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ሂጂ አላልክ፣ ቅሪ አላልክ። አባትሽ ምን ይላሉ አልክ። አባቴን እኔ አውቀዋለሁ፤ ምን እንደሚል ካንተ መስማት አያስፈልገኝም። ያልሰማሁት ያንተን ነው።»

«ቅሪ ለማለት ምን መብት አለኝ ብዬ ነው። ሂጂ ማለቱን ደግሞ አልቻልኩም።»

«ሌላ የሚባል ነገር አልነበረም?»

«ነበር። አፈርኩ።»

«እፈር፤ ግን ተናገር። ሻማው እያለቀ ነው።»

ሊፍት ጠጋኙ ፈታኙን አየ፤ ልማድ ሆኖበት። ከዚያ ዓይኑን መለሰና እሷን አየ። «ታገቢኛለሽ?» አለ። «ከሄድሽ አብሬሽ እሄዳለሁ። እዚያም ፎቅ አለ፤ ሊፍት የት አገር አይበላሽም? ካልፈለግሽኝ ደግሞ ንገሪኝ፤ ብርቱካኑን ትቼ እወጣለሁ።»

«ብርቱካኑንማ ትተኸዋል» አለች እናትየዋ። «አስገብቼዋለሁ።»

«ልጄን ከከተማ ይዘህ ልትወጣ?» አለ ፈታኙ። «ይህን አልፈቀድኩም።»

«ዝም በል አንተ ሰውዬ፤ መልስ እየሰጠች ነው» አለች ሚስቱ።

ልጅቷ ግን መልሱን በአፏ አልሰጠችም። ጣቷን ባለ ፋኖሱ ላይ አሳረፈች። ድንጋዩ ተከፈለና ባለ ፋኖሱ ወጣ፤ አስማተኛዋና እሱ ጎን ለጎን ደረጃውን ወጥተው ከስክሪኑ ጠፉ። ባለ ጋሻው ጨለማ ውስጥ ብቻውን ቀረ።

ፈታኙ ስክሪኑን ቢያየው ቢያየው አልለወጥ አለው።

«ፈቅጄ የለም እንዴ?»

«ፈቅደሃል አባዬ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለች፤ ተነስታ ኮቷን እየለበሰች። «የፈቀድከው ግን እሱን እንዳገባ ነው። እሱን እዚያ አስሬ ትቼው ከዚያ ማንን ላግባ?»

ፈታኙ ጎንበስ ብሎ እስክሪብቶውን ላስቲኩ ሥር እንደገና ይፈልግ ጀመር።

«ና እንሂድ» አለችው ሊፍት ጠጋኙን። «የሰኞን ነገር በእግራችን እየሄድን እንነጋገር። ስለ ቤትም፣ ስለ ሥራህም። ብዙ የምጠይቅህ አለኝ፤ አባትሽ ምን ይላሉ የሚል መልስ ግን አልቀበልም።»

ሊፍት ጠጋኙ ልቡ በደስታ ቢሞላም እግሩ አልሄድልህ አለው። ፈታኙን እንዲያ ተጎንብሶ ሲያየው አንጀቱን በላው። ወደ እናትየዋ ዞሮ «እትዬ፣ ጋሼን የሚያወጣ ሌላ መንገድ የለም?» አለ።

እናትየዋ ዳይሱን ነካ አደረገች። ተራዋ ነው። ሌባዋ ከሁሉም ኋላ ቀርታ በእስር ቤቱ ኮሪደር ትዞር ነበር፤ አሁን በር ላይ ካንቀላፋው ዘበኛ ወገብ አንድ ነገር ላጥ አድርጋ ሰፊው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እናትየዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችው።

«ይሄ ምንድነው?» አለች።

ፈታኙ ቀና አለ። «ቁልፍ ነው» አለ ቶሎ ብሎ። «የዘበኛው ቁልፍ። ማንኛውንም ክፍል ይከፍታል። አምጪው፣ እዚህ ጋ ነኪው።»

እናትየዋ አልነካችም። ሻይዋን አነሳች፣ ፉት አለች፣ ወንበሯን ወደ ባሏ ጠጋ አደረገች።

ልጅቷ ሊፍት ጠጋኙን በእጅጌው ጎተተችው። ጫማቸውን አድርገው በሩን ሲከፍቱ እናትየዋ ሳትቸኩል ስትናገር ተሰማ።

«ወጥ ቤት ስሠራ ከኋላዬ መቆሙን እንተዋለን።»

ስኒዋ ጠረጴዛው ላይ ቀጭ ሲል ተሰማ።

«ሰምተኸኛል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ሽንኩርት ስከትፍ። ጨው ስጨምር። ድስት ስከድን።»

«እሺ አልኩ እኮ።»

«አልሰማሁህም።»

«እሺ።»

ሊፍት ጠጋኙ በሩ እንዳይጮህ እጀታውን ይዞ ቀስ ብሎ ሲዘጋው፣ እናትየዋ ወደ ሁለተኛው ጉዳይ መሸጋገሯን ሰማ። ከድምፅዋ እንደገባው ከሆነ ገና ብዙ ነበራት።